ለመጀመሪያ ልጄ ወደ እናቴ ቤት ልሂድ ወይስ እዚሁ ጀርመን ልውለድ?

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ከሽቱትጋርት

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ ነው። እርሱ ለማስተርስ ትምህርት መጥቶ ከተመረቀ በኋላ በመሐንዲስነት ተቀጥሮ በሰማያዊ ካርድ (ለተማሩ የውጭ ባለሙያዎች በሚሰጠው የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ) የሚሠራ ሲሆን፣ እዚህ አገር መኖር ከጀመረ ስድስት ዓመት አልፎታል። እኔ ከጋብቻችን በኋላ በቤተሰብ ማገናኘት ቪዛ መጥቼ በአንድ ድርጅት ውስጥ በሂሳብ ሠራተኝነት ተቀጥሬአለሁ። አሁን የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ።

እናቴ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። እርግዝናዬን ከሰማች ወዲህ «የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው» ከማለት አላቋረጠችም፤ በእኛ ቤተሰብ ውስጥም ታላላቅ እህቶቼ በሙሉ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ባለቤቴ ግን እዚሁ እንድወልድ ይፈልጋል፤ ምክንያቱን ስጠይቀው የሚያነሣው የሐኪም ቤቱን ጥራት ብቻ ነው። ስለ ሕክምናው እኔም ጥርጣሬ የለኝም። የሚያሳስበኝ ከሐኪም ቤት ወጥቼ ቤቴ ከገባሁበት ሰዓት ጀምሮ ያለው ጊዜ ነው። በአገራችን አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ገንፎውን የሚያገነፋ፣ ሕፃኑን የሚያጥብ፣ ለጠያቂ ቡና የሚያፈላና ሌሊት የሚነሣ ሰው በቤቱ አይጠፋም። እኛ በምንኖርበት ሕንፃ ውስጥ ከጎረቤቶቻችን ጋር ያለን ትውውቅ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ከመለዋወጥ አያልፍም፤ ባለቤቴም ሥራውን ትቶ ምን ያህል ጊዜ አብሮኝ ሊቆይ እንደሚችል ገና አላወቀም።

ስለዚህ በዚህ ያለፋችሁ ሰዎች አገር ቤት ብወልድ የልጁ የመኖሪያ ፈቃድና የእኔ የወሊድ ፈቃድ እንዴት እንደሚሆን፣ እዚህ ብወልድ ደግሞ ያለ እናት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዴት እንደሚታለፉ እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ፦ አባወራ ከኮሎኝ

ለተከበሩ ጠያቂ፣ አስቀድሜ ማርያም በሰላም ታገላግልዎ እላለሁ። ባለቤትዎ የሐኪም ቤቱን ጥራት ብቻ ማንሣታቸው አስገርሞኛል፤ እኔ በእርሳቸው ቦታ ብሆን ኖሮ ስለ ሐኪም ቤቱ አንድም ቃል ሳልናገር ስለ ልጁ ዜግነት እጀምር ነበር። የጀርመን የዜግነት ሕግ እ.ኤ.አ. ከጁን 27 ቀን 2024 ጀምሮ ተሻሽሎአል። በተሻሻለው ሕግ መሠረት ወላጆቹ የውጭ ዜጎች ቢሆኑም በጀርመን ምድር የተወለደ ልጅ፣ ከወላጆቹ አንዱ በሕጋዊ መንገድ አምስት ዓመት የኖረና የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ከሆነ፣ ሲወለድ ጀምሮ ጀርመናዊ ነው። ቀድሞ የሚጠየቀው ስምንት ዓመት ነበር። የባለቤትዎ ዓመታት እንደሞሉ ከጽሑፍዎ ተረድቻለሁ፤ እንግዲህ የሚጎድለው የቋሚ ፈቃዱ ብቻ ነው ማለት ነው። ሰማያዊ ካርድ ያለው ሠራተኛ ከ27 ወር በኋላ፣ ጀርመንኛው ቢ1 ደረጃ ከደረሰ ደግሞ ከ21 ወር በኋላ ይህን ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። እስካሁን ካላመለከቱ አንድ ቀን እንኳ ሊያሳልፉ አይገባም፤ ፈቃዱ ልጁ በሚወለድበት ቀን በእጅ ካልተገኘ፣ ከወሊድ በኋላ ቢመጣ ለዚያ ልጅ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራለትም። የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮዎች ቀጠሮ ለመስጠት እንዴት እንደሚያንዛዙ ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ከማመልከቻው ጋር የሚወልዱበት ቀን የተጻፈበትን የሐኪም ማስረጃ አያይዘው ጉዳዩ እንዲፋጠን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ልጁ አዲስ አበባ ከተወለደ ይህ ዕድል ይዘጋል፤ ድንጋጌው በጀርመን ምድር ለተወለደ ልጅ ብቻ የተጻፈ ነውና። ሕፃኑ ፓስፖርት ወጥቶለት፣ በአዲስ አበባው የጀርመን ኤምባሲ በኩል የቤተሰብ ማገናኘት ቪዛ ተጠይቆለት መልሱ እስኪመጣ ድረስ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ እርስዎም ጡት የሚጠባ ልጅ ጥለው ስለማይመለሱ እዚያው ይጠብቃሉ። በዚህ መካከል የራስዎ ፈቃድም ሊታሰብበት ይገባል። በመደበኛው ሕግ ከስድስት ወር በላይ ከአገር ውጭ የቆየ ሰው የመኖሪያ ፈቃዱን የሚያጣ ሲሆን፣ ለሰማያዊ ካርድ ባለቤቶችና ለቤተሰቦቻቸው ገደቡ አሥራ ሁለት ወር ነው። እዚህ የተወለደ ልጅ ግን ዜግነቱን ባያገኝ እንኳ ቪዛ አያስፈልገውም፤ በተወለደ በስድስት ወር ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ ማስገባት ይበቃል። የጤና መድኑም ነገር አለ። የሕዝብ መድን ውስጥ ከሆኑ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚወጣ የወሊድ ወጪ አይከፍልልዎትም፤ ልጁ እዚህ ሲወለድ ግን ያለ ተጨማሪ ክፍያ በቤተሰብ መድን ውስጥ ይገባል።

የገንዘቡን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። የእናትነት ጥበቃው ከወሊድ በፊት 6 ሳምንት፣ ከወሊድ በኋላ 8 ሳምንት ሲሆን፣ መንታ ሲወለድ ወይም ሕፃኑ ያለ ጊዜው ሲወለድ የኋለኛው ወደ 12 ሳምንት ከፍ ይላል። በዚህ ጊዜ የመድን ድርጅቱ በቀን እስከ 13 ዩሮ ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ ያለውን እስከ አማካይ የተጣራ ደመወዝዎ ድረስ አሠሪዎ ይሞላል። ቀጥሎ የሚመጣው ኤልተርንጌልድ፣ ማለትም ልጅ ለማሳደግ ከሥራ ለሚቀሩ ወላጆች የሚሰጠው ክፍያ፣ በአብዛኛው የተጣራ ደመወዝን 65 በመቶ ያህል ይሸፍናል፤ ከ300 ዩሮ አያንስም፣ ከ1800 ዩሮም አይበልጥም። ሁለቱም ወላጆች ከተካፈሉት በድምሩ 14 ወር ይደርሳል። ኪንደርጌልድ፣ ማለትም የልጅ አበል፣ በ2025 በወር 255 ዩሮ ነበር። ኤልተርንጌልድ ወደ ኋላ የሚከፈለው ለሦስት ወር ብቻ ስለሆነ ማመልከቻውን «ልጁ ሲረጋጋ» ብለው አያቆዩት፤ ልጅ አይረጋጋም።

ለእርስዎ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ለተወለዱ ልጆች ሁለቱ ወላጆች ኤልተርንጌልድን በአንድነት መውሰድ የሚችሉት፣ እንደ መንታ ያለ ልዩ ሁኔታ ካልኖረ በስተቀር፣ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ውስጥ ለአንድ ወር ብቻ ነው። ያንን አንድ ወር ለመጀመሪያው የአራስነት ወር ያውሉት። ባለቤትዎ ክፍያውን ለማግኘት ቢያንስ ሁለት ወር መውሰድ ስላለባቸው ሁለተኛውን ወር እርስዎ ወደ ሥራ ሲመለሱ ይውሰዱት። ፈቃዱ ከመጀመሩ ሰባት ሳምንት አስቀድመው ለአሠሪያቸው ማሳወቅ ግዴታቸው ነው። ይህን የሚያነቡ ገና በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ያሉ ባለትዳሮች ካሉ፣ ኤልተርንጌልድ የሚሰላው በእናትየዋ የተጣራ ገቢ ስለሆነ ከደመወዛቸው የሚቆረጠውን ግብር የሚወስነውን የታክስ ክፍላቸውን ቶሎ እንዲመረምሩ እመክራለሁ፤ ለውጡ እንዲቆጠር የእናትነት ጥበቃው ከመጀመሩ ከሰባት ወር በፊት መደረግ ስላለበት ለእርስዎ ግን ጊዜው አልፎአል።

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ ከፍራንክፈርት

እህቴ፣ ስለ ሕጉ ከላይ የተጻፈው በቂ ነው። እኔ ዋናው ጭንቀቴ ነው ባልሽው በአራስነቱ ላይ ልጻፍልሽ። አገር ቤትም እዚህም በአዋላጅነት የሠራሁ ሰው እንደመሆኔ ሁለቱንም ዓይነት አራስ ቤት በቅርብ አይቻለሁ።

ሄባመ የምትባለው የዚህ አገር አዋላጅ በጤና መድንሽ ወጪ ቤትሽ ድረስ ትመጣለች፤ በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት አስፈላጊ ከሆነ በየቀኑ፣ ከዚያም ሕፃኑ 12 ሳምንት እስኪሆነው ድረስ እየተመላለሰች የሕፃኑን እትብትና ክብደት፣ የጡት አጠባቡን፣ የአንቺን ስፌትና የማኅፀንሽን መመለስ ትመለከታለች። የእኛ አገር ሴት ብዙ ጊዜ ይህን አገልግሎት ሳትጠቀምበት ትቀራለች፤ ወይ አታውቀውም፣ ወይ «ፈረንጅ ቤቴ ገብታ ምን ታየኛለች» ብላ ታፍራለች። ስድስተኛ ወር ላይ ሆነሽ እስካሁን ካልያዝሽ በእውነቱ ዘግይተሻል፤ በትልልቅ ከተሞች ያሉ ሴቶች መፀነሳቸውን ባወቁበት ሳምንት ነው ሄባመ መፈለግ የሚጀምሩት። ዛሬውኑ ወደ መድን ድርጅትሽ ደውለሽ በአካባቢሽ ያሉትን ዝርዝር ጠይቂ፤ አንዷ ቦታ የለኝም ብትል ሌላዋን እንድትጠቁምሽ አጥብቀሽ ለምኛት።

ሄባመ ግን ገንፎ አታገነፋም፤ አጠገብሽ ቁጭ ብላም አታጫውትሽም። ያንን ከወዲሁ ከሰው ጋር ተነጋግረሽ ማዘጋጀት ያለብሽ አንቺ ነሽ። በምታውቂያቸው ሴቶች መካከል፣ ቤተ ክርስቲያን የምትሄጂ ከሆነም በሰበካው ማኅበር በኩል፣ ከወሊድ በፊት ወረፋ ይውጣ። እኛ እዚህ ስንጠይቅ ሁለት ሁለት ሆነን የበሰለ ምግብ ይዘን እንሄዳለን፤ አንዷ ሕፃኑን ስትይዝ ሌላዋ ወጥ ቤቱን ታጸዳለች፤ አራሷ ትተኛለች፤ ከሁለት ሰዓት በላይም አንቆይም። ይህን የምልሽ የአገር ቤቱ ጥየቃ ያለ እናትና ያለ ሠራተኛ ሲደረግ ጉዳት ስላለው ነው። ገና ስፌቷ ያልዳነ ሴት ተነሥታ ለአሥር ጠያቂ ቡና ስታፈላ አይቻለሁ፤ እምቢ ማለት ነውር መስሎአት ነው። ባለቤትሽ በር ላይ ቆሞ «ዛሬ ተኝታለች፣ ቅዳሜ ኑ» ለማለት ድፍረቱ ይኑረው። ገንፎውንም ከአሁኑ ይለማመድ፤ ጓጉሎ የሚወጣው ለመጀመሪያ ሳምንት ብቻ ነው።

ከአገር ቤት የሚላክልሽን ነገር በተመለከተ፣ የአጥሚት እህል፣ ሽሮና በርበሬ ተፈጭተው ቢመጡ ችግር የለም። ቅቤ ግን እንዳታስልኪ፤ የአውሮፓ ኅብረት መንገደኞች ከኅብረቱ ውጭ ካሉ አገሮች ሥጋና የወተት ውጤት ይዘው እንዳይገቡ ስለሚከለክል፣ እናትሽ የደከመችበት ቅቤ አየር ማረፊያ ላይ ተወስዶ ይወገዳል። የዚህን አገር ጨው አልባ ቅቤ በኮረሪማና በኮሰረት ብታነጥሪው ምንም እንከን አይወጣለትም።

አንድ ነገር ላይ ግን ከእናትሽ ጋር ልትከራከሪ ትችያለሽ። አገር ቤት ሕፃን በጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፤ እዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ የምትወጣው ፀሐይ ለዚያ አትበቃም፤ ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሕፃናት ደግሞ የበለጠ ፀሐይ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ሐኪሙ በየቀኑ የሚሰጥ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ወይም ክኒን ያዝልሻል፤ ከመጀመሪያው ዓመትም ሊያልፍ ይችላል፤ «መድኃኒት ለሕፃን ምን ያደርጋል» የሚል ሰው ቢመጣ አትስሚው። ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማዋጥና እንጥል ማስቆረጥ የሚሉትንም በጭራሽ አትቀበዪ። ሐዘንና ማልቀስ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለብሽ፣ እንቅልፍ ብታገኚም የማትተኚ ከሆነ፣ ለሄባመዋ በግልጽ ንገሪ። ይህ ሕመም እናቷ አጠገቧ ባለችም ሴት ላይ ይደርሳል።

መልስ፦ ከዱባይ የምትጽፍ እናት

ከዚህ ቀደም የጻፋችሁት ሁለታችሁም ከጀርመን በመሆናችሁ ነገሩ አንድ ወገን ብቻ ያለው መስሎአል። እኔ አዲስ አበባ እናቴ ቤት ሄጄ የወለድኩ ነኝ፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርግ ነበር። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሥራ ሕግ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 33ኛው የፌዴራል ድንጋጌ፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ 60 ቀን ነው፤ 45ቱ በሙሉ ደመወዝ፣ 15ቱ በግማሽ። አገር ቤት ያለችው ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት የሚፈቀዱላት መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል። በቤት ሠራተኝነት ያሉ እህቶቻችን ደግሞ በዚህ ሕግ ጨርሶ አይሸፈኑም፤ የእነርሱ ሕግ የተለየ ነው።

እዚህ የተወለደ ልጅ ወላጆቹ ምንም ያህል ዓመት ቢኖሩ ዜግነት አያገኝም። የመኖሪያ ፈቃዱም የሚሰጠው በአባቱ ደመወዝ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ 4000 ድርሃም፣ ወይም 3000 ድርሃምና መኖሪያ ቤት ሊኖረው ይገባል። እዚህ ከተወለደ በ120 ቀን ውስጥ ፈቃዱ ካልተጨረሰ ቅጣት አለ። ስለዚህ አዲስ አበባ ሄዶ በመውለድ የሚቀርብን ነገር አልነበረም፤ ያተረፍነው ግን ብዙ ነው። እናቴ ሌሊቱን ይዛልኝ እኔ ተኝቼ አድሬአለሁ፤ ልጄ በአያቱ እቅፍ ክርስትና ተነሥቶአል። የስልክ ምስል ይህን አይተካም።

የጠያቂዋ ጉዳይ የተለየ መሆኑን ከኮሎኙ ወንድማችን ጽሑፍ ተረድቻለሁ፤ ዜግነትን የሚያህል ነገር ለሁለት ወር ገንፎ አይለወጥም። ግን እናንተ ጀርመን ያላችሁት ከወሊድ በኋላ እስከ ሦስት ዓመት የሚደርስ የወላጅነት ፈቃድ አላችሁ ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ እዚያ ወልዳ፣ ሕፃኑ ፓስፖርቱን ሲያገኝ ሁለትና ሦስት ወር እናቷ ዘንድ ሄዳ ብትቀመጥ ምን ይከለክላታል? እናቲቱንም ማስደሰት ነው፤ እምቢታው «አልመጣም» ሳይሆን «ይዤው እመጣለሁ» ይሆናል።

ጠያቂዋ፦ ነፍሰ ጡር ከሽቱትጋርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ የቋሚ መኖሪያ ፈቃዱን ማመልከቻ አስገብቶአል፤ ባለፈው ዓመት ጊዜው ሞልቶለት ማመልከት ሲችል «ሥራ ይበዛብኛል» ብሎ እንዳቆየው አሁን ነው የነገረኝ። ለጊዜው አልተቆጣሁትም። ሄባመም እየፈለግኩ ነው። እዚህ ለመውለድ ወስነናል፤ ለእናቴም «ይዤው እመጣለሁ» ብዬ ነገርኳት፤ ዝም አለች እንጂ አልተቃወመችም።

አሁን የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። እናቴን በጉብኝት ቪዛ ለማምጣት ብንሞክር መቼ ብትመጣ ይሻላል? ሌላው ሆስፒታሉ ከሰጠን ቅጽ ላይ የልጁን «የቤተሰብ ስም» እንድንሞላ የሚጠይቅ ቦታ አለ። ባለቤቴ ፓስፖርቱ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የተጻፈው የአያቱ ስም ነው። ልጃችን ያንን ስም ከወሰደ የአባቱ ስም ከስሙ ውስጥ አይገኝም ማለት ነው። ይህን እንዴት አደረጋችሁት?

መልስ፦ የልጅ ልጆች ያሏት እናት ከሙኒክ

ልጄ፣ ስለ ቪዛው እኔ ልንገርሽ፤ ለሁለቱ ሴት ልጆቼ ወሊድ አማታቸው ሲመጡ ወረቀቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። የሸንገን ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም፤ አያት ስለሆነች ብቻ የሚሰጣት የተለየ ረጅም ቪዛ አትጠብቂ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 29 ቀን 2024 ኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ አሰጣጡን ስላጠበቀ፣ ለማመልከቻ የሚፈቀደው የምርመራ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሎአል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቶአል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ጀምሮ ማስገባት ስለሚቻል አሁኑኑ ጀምሩ።

ባለቤትሽ በውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ የዋስትና ሰነድ ይፈርማል፤ ክፍያው 29 ዩሮ ነው። የቪዛው ክፍያ 90 ዩሮ ሲሆን፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድንም ይጠየቃል። ቪዛ የሚከለከለው አብዛኛውን ጊዜ በገንዘብ አይደለም፤ ወደ አገሯ ትመለሳለች ብለው ካላመኑ ነው። ስለዚህ እናትሽ ቤት ወይም ቦታ ካላት ካርታውን፣ ጡረታ ካላት ደብተሩን፣ አገር ቤት የቀሩ ልጆችና ባል ካሏት ማስረጃቸውን ታቅርብ፤ የአንቺንም የሐኪም ወረቀት ጨምሪበት።

መቼ ትምጣ ላልሽው፣ እኔ ከመውለጃሽ በፊት እንድትመጣ አልመክርም። የመጀመሪያ ልጅ ብዙ ጊዜ ከተባለው ቀን ይዘገያል፤ እርሷ እዚህ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ዘጠናው ቀን ይሄዳል። ባለቤትሽ የመጀመሪያውን ወር ከወሰደ፣ እርሷ የሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ብትደርስ እርሱ ሥራ ሲመለስ ቤቱን ትረከበዋለች። ክርስትናውንም አስቢ። ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ ነው፤ ሴት ልጅ ወልደሽ እናትሽ አስቀድማ ከመጣች፣ ለክርስትናው ልትደርስ ላትደርስ ትችላለች። በሦስተኛው ሳምንት ከመጣች ግን ሁለቱንም በሚገባ ታደርሳለች። ወንድ ከሆነና የምታስገርዙት ከሆነ ደግሞ በስምንተኛው ቀን የሚሠራ ሐኪም ከወሊድ በፊት ፈልጉ። በጀርመን ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ በሕግ ተፈቅዶአል፤ ነገር ግን የሕክምና ምክንያት ከሌለው መድኑ አይከፍልም፤ ሁሉም ሐኪም ደግሞ አያደርገውም።

መልስ፦ አባወራ ከኮሎኝ

ስለ ስሙ የጠየቁት ጥያቄ ከመውለድዎ በፊት መነሣቱ ጥሩ ነው፤ የእኛ ሰዎች ብዙዎቹ የሚያውቁት የልደት ምስክር ወረቀቱ ከታተመ በኋላ ነው። አባት ሳሙኤል ተስፋዬ ከበደ ቢባል፣ ፓስፖርቱ ላይ «ሳሙኤል ተስፋዬ» በስም፣ «ከበደ» በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል። ልጁ ዳዊት ተብሎ በቀጥታ የቤተሰቡን ስም ሲወስድ «ዳዊት ከበደ» ይሆናል፤ ማለትም በቅድመ አያቱ ተጠርቶ አባቱና አያቱ ከመካከል ይጠፋሉ። እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በጀርመን የሚኖር ሰው ስም የሚገዛው በመኖሪያ አገሩ ሕግ ሆኖአል፤ ይሁን እንጂ ወላጆች የልጁ ስም በዜግነታቸው አገር ሕግ እንዲመራ መምረጥ ይችላሉ። በኢትዮጵያ ሕግ እንዲመራ ከመረጡ ልጁ በራሱ ስም ላይ የአባቱን ስም ይዞ ይመዘገባል። ይህን ምርጫ ለመዝገብ ቤቱ፣ ለስታንደስአምት ማለቴ ነው፣ በምዝገባው ጊዜ በግልጽ ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ ዝም ካሉ ጸሐፊው ፓስፖርቱ ላይ ያየውን ይጽፋል። ሁለተኛው መንገድ የቤተሰብ ስሙን እንዳለ ትቶ የአባትን ስም እንደ ሁለተኛ የመጠሪያ ስም ማስገባት ነው፤ አንዳንድ ወገኖች ይህን መርጠዋል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ አገር ቤት ሄዶ «ዳዊት ማን?» ሲባል የሚመልሰውና ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መሆን አለበት። የትኛውንም ብትመርጡ የእርስዎ ስም ከልጁ ጋር አይገጥምም፤ ከልጁ ጋር ብቻዎን ሲጓዙ የልደት ምስክር ወረቀቱን ይያዙ።

ልደቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የሚመዘገበው። መዝገብ ቤቱ የሁለታችሁን የልደት ማስረጃና የጋብቻ ምስክር ወረቀት በቃለ መሐላ ተርጓሚ አስተርጉማችሁ እንድታቀርቡ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ሰነድ በኤምባሲው በኩል ይጣራ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ እርስዎ ግን በቤተሰብ ማገናኘት ቪዛ ስለመጡ ጋብቻችሁ በዚያን ጊዜ ተመርምሮ ይሆናል። ስለዚህ የቪዛውን ማኅደር ጠቅሰው እንዳይደገም ይጠይቁ። ማጣራቱ ካልተጠናቀቀ ምስክር ወረቀቱ በመዘግየት ፈንታ፣ ማንነታችሁ አልተረጋገጠም የሚል ማስታወሻ የያዘ ከመዝገቡ የተገለበጠ ሰነድ ይሰጣችኋል። ማስታወሻው ቢያናድድም ሰነዱ ራሱ ለኪንደርጌልድና ለኤልተርንጌልድ ያገለግላል፤ ማጣራቱ ሲያልቅ በምስክር ወረቀት ይተካል።

ልጁ የጀርመን ዜግነት ካገኘ የኢትዮጵያዊነቱ ነገር አብሮ ይነሣል። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነን ልጅ ኢትዮጵያዊ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም። ውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚይዝ ካላሳወቀ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። ጀርመን በበኩሏ ከ2024ቱ ለውጥ ወዲህ ጥምር ዜግነትን አትከለክልም። አገር ቤት መመላለስ የሚፈልግ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠውን፣ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለውን መታወቂያ ማውጣት ይችላል፤ ይህን በፍራንክፈርት በሚገኘው ቆንስላ ጄኔራል ይጠይቁ። ከእናትዎ ዘንድ ለመሄድ ላሰባችሁት ጉዞ ደግሞ ልጁ በየትኛው ፓስፖርት እንደሚጓዝ ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ከቆንስላው አረጋግጡ፤ የጀርመን ፓስፖርት ከያዘ የኢትዮጵያ መግቢያ ቪዛ ያስፈልገዋል።